«ኃይለኛ ውሻ አለ» የተጻፈው ለማን ነው?

በባምባሲ የመኖሪያ ሰፈሮች ስትዘዋወሩ በቆርቆሮ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያጋጥማችኋል። አንዳንዱ በብሩሽና በነጭ ቀለም የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥርሱን ያገጠጠ የፈረንጅ ውሻ ፎቶ ያለበት ስቲከር ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን የምታዩት ቀጠን ያለ ቡናማ የሀበሻ ውሻ ነው። አዲስ አበባም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም ያላችሁ አንባቢያን ይህን በር በደንብ ታውቁታላችሁ።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ አንድ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ይህ መልእክት ለማን ነው? የበሩ ጽሑፍ መልሱ ግልጽ ነው። ለሌባ ነው፤ ቢበዛ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢው። እዚያው ግቢ ውስጥ ለሚውለው፣ ፊደል ላልቆጠረው የሦስት ዓመት ልጅ ግን ማንም ምንም አልጻፈለትም። ልጅን የሚነክሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመንገድ የመጣ የማይታወቅ ውሻ አይደለም። የራስ ቤት ወይም የጎረቤት ውሻ ነው፤ ስሙ የሚታወቅ፣ ልጁ በየቀኑ የሚያየው። ትንንሽ ልጆች ሲነከሱ ጉዳቱ ፊት፣ ጭንቅላትና አንገት ላይ የሚበዛውም ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር ስለሚስተካከል ነው።

በውጭ አገር መጻሕፍት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። ችግሩ ምክሩ የሚነሳው ከሶፋ ነው። ውሻው ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ሕፃኑ ምንጣፍ ላይ ይድሃል፣ መሃል ላይ ትንሽ የፕላስቲክ በር ይገጠማል። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ባምባሲ ላይ ማኦው፣ በርታው፣ ኦሮሞው፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው አብረው ይኖራሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት ግን የውሻ ቦታ ውጭ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ማጠብ ግዴታቸው ስለሆነ ርቀቱን ይጠብቃሉ። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ሳሎን ሲገባ መጥረጊያ ያነሳል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ስለ ሶፋ ሳይሆን ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ግቢ በር፣ ስለ አከራይና ተከራይ፣ ማታ ውጭ ስላለው መጸዳጃ ቤት ነው።

መጀመሪያ ግን ይህ «ኃይለኛ» የምንለው ውሻ እንዴት እንደሚፈጠር እንይ። ቡችላው የሁለት ወር ገደማ ሆኖ በካርቶን ይመጣል። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ያቅፉታል፣ ጅራቱን ይጎትቱታል። ከዚያ የቤቱ አባወራ «ሰው እንዳይለምድ!» ይላል። ሰው ከለመደ ለሌባም ጅራቱን ይቆላል የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ ጓሮ ይታሰራል። ቀን ቀን ይታሰራል፣ ማታ ማታ ይፈታል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በአጥር ቀዳዳ ጠጠር ይወረውሩበታል፤ እሱ ይጮኻል፤ እነሱ ይስቃሉ፤ ባለቤቱ «ጎበዝ!» ይላል። በዓመቱ የሚፈለገው ውሻ ተገኘ።

ጆን ፖል ስኮት እና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቡችሎችን አስተዳደግ ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የደረሱበትን ነገር ዛሬም የእንስሳት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፦ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ በዓለም ላይ «ይህ የተለመደ ነው፣ አያስፈራም» የሚለውን ዝርዝር የሚሞላበት ጊዜ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ልጅ ካልገባ፣ ልጅ ለውሻው እንግዳ ፍጡር ሆኖ ይቀራል። ልጅ ደግሞ በውሻ ዓይን የትልቅ ሰው ትንሹ አይደለም። ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ሳይታሰብ ይወድቃል፣ ዓይን ለዓይን ትኩር ብሎ ያያል፣ እጁን ከላይ ያወርዳል። እኛ «ሰው እንዳይለምድ» ብለን የደበቅነው ውሻ ሌባን ከሕፃን የሚለይበት ትምህርት አላገኘም።

ለዚህም ነው ኃይለኛ ከምንላቸው ውሾች ብዙዎቹ በእውነቱ ፈሪዎች የሆኑት። የፈራ እንስሳ መጀመሪያ የሚመርጠው መሸሽ ነው። የታሰረ ውሻ ግን መሸሽ አይችልም። ሁለት ሜትር ሰንሰለት ጫፍ ላይ ቆሞ የሚፈራው ነገር ሲቀርበው የሚቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። «ታስሯል፣ አይነካችሁም» ተብለው ወደ እሱ የሚጠጉ ልጆች አደጋ ላይ የሚወድቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ኳስ ወደ ሰንሰለቱ ክልል ከገባች ደግሞ ልጁ የሚያየው ኳሷን ነው።

ኬንዳል ሼፐርድ የምትባል እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም የውሻን ማስጠንቀቂያዎች በመሰላል መልክ አስቀምጣቸዋለች። ከታች ያሉት ደረጃዎች ለእኛ ምንም አይመስሉንም። ውሻው ሳይደክመው ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል። ፊቱን ያዞራል፤ ከዚያ መላ ሰውነቱን አዙሮ ለመሄድ ይሞክራል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ፣ ጅራቱን እግሩ መሃል ከቶ ዝቅ ይላል። እነዚህ ካልተሰሙለት ይደርቃል፤ ይህ በጣም አስፈላጊ ምልክት ነው፤ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ አፉን ይዘጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ከዚያ ያጉረመርማል። ከዚያ አየር ይነክሳል። መጨረሻ ላይ ልጁን። «ምንም ሳይል በድንገት ነከሰው» ስንል ብዙውን ጊዜ እኛ ሳንሰማው ቀርተን ነው፤ እሱማ ሲናገር ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ማጉረምረሙን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ በጣም የተሳሳተ ምላሽ የሚያገኘው እሱ ነው። ውሻ ልጅ ላይ ሲያጉረመርም የመጀመሪያው ነገራችን ዱላ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ የማን ልጅ ላይ ነው የሚያጉረመርመው! ነገር ግን በእኔ ሥራ በጣም የምንፈራው ደንበኛ የሚጮኸው ደንበኛ አይደለም። ቢሮ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛ የሚደበድበው ቢያንስ ችግሩን ይነግርሃል፤ ታስተካክልለታለህ፤ ይቆያል። የምንፈራው ምንም ሳይል የሚሄደውን ነው። በዱላ ማጉረምረሙን ያስተዉት ውሻ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው የተወው። በሚቀጥለው ጊዜ ከመድረቅ በቀጥታ ወደ መንከስ ይሄዳል። ከዚያም በላይ፣ ልጁ አጠገቡ በመጣ ቁጥር ዱላ የሚያርፍበት ውሻ ከልጁና ከሕመሙ መካከል ያለውን ግንኙነት በሚገባ ይማራል። ሲያጉረመርም መደረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ልጁን በእርጋታ አንስቶ መውሰድ። ከዚያ «ምን አስፈራው?» ብሎ መጠየቅ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህ ጥያቄ በቀጥታ ደርሶባታል። የምትኖረው እንደ ብዙዎቻችን ተከራይታ ነው፤ ግቢው ውስጥ የአከራይዋ ውሻ አለ። ስሙ ቡቺ ነው (መቼም የአገሩ ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው)። አከራይዋ ባላቸውን ካጡ በኋላ ከቡቺ ጋር ብቻቸውን ዓመታት አሳልፈዋል። የባልደረባዬ ልጅ መዳህ ሲጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቡቺ የውሃ ሳህን ይጠጋል፤ ቡቺ ያጉረመርማል። ማታ ባሏ ሁለት ምርጫ አስቀመጠ፦ ወይ ውሻው ይወገድ፣ ወይ እኛ እንውጣ። ባምባሲ ላይ ውሃ ያለው ግቢ በዚያ ኪራይ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ምርጫ ምርጫ አይደለም። አከራይዋ ደግሞ ነገሩን ሲሰሙ «ቡቺ? ቡቺ እኮ ዶሮ እንኳ አይነካም!» አሉ።

የውሻ ባለቤት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በዚህ ላይ መከራከር ጥቅም የለውም፤ እሷም አልተከራከረችም። ጠዋት ቡና ላይ፣ «እማማ፣ ቡቺን ጠልቼው አይደለም። ልጄ ገና ነገር አያውቅም፤ ቡቺም የሱን ነገር አያውቅም። አንድ ዘዴ እንፈልግላቸው» አለቻቸው።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ? ቀኑን ሙሉ ልሰረው?»

«መታሰሩስ ይብስበታል እማማ። የራሱ ቤት ይኑረው፤ ልጁ የማይደርስበት።»

ቀርከሃ በእኛ አካባቢ እንደ ልብ ነው፤ ይህ የአሶሳ ዞን አንዱ ጸጋ ነው። ጓሮው ጥግ ላይ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን ቦታ በፍልጥ ቀርከሃ ታጠረ። የቀርከሃውን እሷ፣ የሠራተኛውን አከራይዋ ከፈሉ። ቡቺ ሰንሰለቱን አውልቆ ቀን ቀን እዚያ ይውላል። ልጁ አሁን ይሮጣል፣ ይናገራል። እሱና ቡቺ ጓደኛ አልሆኑም። ማንም እንዲሆኑ አልጠበቀም፤ እኔም ለዚህ ነው ታሪኩን የወደድኩት። ልጅና ውሻ ተቃቅፈው የተነሱትን ፎቶ ስለምንወድ ብቻ ፈሪ ውሻን በግድ ከልጅ ጋር «ለማላመድ» የምናደርገው ነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻው አያምርም። እጁን ይዞ «ዳብሰው፣ አትፍራ» ማለት የሁለቱንም ፍርሃት አንድ ላይ ማሰር ነው።

ስለ አጥሩ ጥቂት ዝርዝር ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ ብትሠሩት የምትስቱት እዚህ ላይ ስለሚሆን። የልጅ እጅ በቀርከሃው መካከል መግባት የለበትም፤ ስለዚህ ቋሚ ቀርከሃ ብቻ ከመደርደር መሃሉን በፍልጥ መሸመን ይሻላል። ቦታው ከግቢው በር ፊት ለፊት መሆን የለበትም፤ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ የሚውል ውሻ ማታ ድረስ ሲበሳጭ ይውላል። ከቧንቧውና ከመጸዳጃ ቤቱ መንገድም ይራቅ። ጥላና ውሃ ይኑረው። መቀርቀሪያው ከውጭ፣ ልጅ ከማይደርስበት ቁመት ላይ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በረንዳው ወይም አንድ ክፍል ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ሐሳቡ አንድ ነው፤ በልጁና በውሻው መካከል ሁለቱም ሊከፍቱት የማይችሉት ነገር መኖር አለበት።

ከአጥሩም በላይ የሚያሳስበው ግን ማታ ነው። ውሻው ለጥበቃ ይፈታል፤ መጸዳጃ ቤቱ ውጭ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሌሊት ሽንቱ ይመጣል። በጨለማ፣ ጠባቂ ውሻ ሥራው ላይ ባለበት ሰዓት፣ ትንሽ ሰው በር ከፍቶ ይወጣል። በየግቢው ውሻውን የሚፈታውና የሚያስገባው አንድ የታወቀ ትልቅ ሰው መሆን አለበት። «እኔ መስሎኝ አንተ ያስገባኸው» የሚባል ነገር እንዳይኖር። ልጅ ደግሞ ሌሊት ብቻውን አይወጣም። ፖፖ ያስፈልጋል ካላችሁ ፖፖ ይገዛ፤ ምንም ነውር የለውም።

በዓል ሌላው አደገኛ ቀን ነው፤ አረፋም ሆነ ፋሲካ። ግቢ ውስጥ በግ ይታረዳል፣ ደም ይሸታል፣ የዘመድ ልጆች ከአሶሳና ከገጠር ይመጣሉ፣ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ለውሻው ከወትሮው የተለየ አጥንት ይጣልለታል። በሌላ ቀን ሳህኑን ብትነኩበት ዝም የሚል ውሻ በአጥንት ላይ ሌላ ፍጡር ነው። ከቢላዋው በፊት ውሻው ቦታው ይግባ፤ አጥንቱንም እዚያው፣ ብቻውን፣ ልጅ በሌለበት ይብላ። የወደቀ አጥንት ከውሻ አፍ እንዲያወጣ ልጅ አይላክ። የእንግዳ ልጆች የቤቱን ሕግ አያውቁምና «የኛ ልጅ ይነግራቸዋል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ለልጆቹ ምን እናስተምር? ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሕጉን ቢያስታውስም ኳሱን ሲያይ ይረሳዋል፤ ለእሱ ትምህርቱ ሳይሆን አጥሩና የእኛ ዓይን ነው ዋስትናው። ዓይን ስል ስልክ ላይ ያልተተከለ ዓይን ማለቴ ነው። ከዚያ በላይ ለሆኑት ግን አንድ ጨዋታ አለ፤ በካናዳ ለተማሪዎች «ዛፍ ሁን» በሚል ይሰጣል። የማይታወቅ ወይም የተቆጣ ውሻ ሲመጣ ልጁ አይሮጥም፣ አይጮኽም። ይቆማል። እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን ወደ እግሩ ጣቶች ይመልሳል፣ ውሻው ሰልችቶት እስኪሄድ በልቡ ይቆጥራል። የማይሮጥ፣ የማይጮኽ፣ የማያይ ነገር ለውሻ አሰልቺ ነው። እዚህ የማንጎ ዛፍ ስለማይጠፋ እኔ ለሰፈሩ ልጆች «ማንጎ ሁኑ» ነው የምላቸው፤ በጣም ይወዱታል፤ ማን ሳይንቀሳቀስ ይቆያል በሚል ይወዳደራሉ። ውሻው ከጣላቸው ደግሞ «ድንጋይ» ይሆናሉ፦ ተጠቅልለው በግንባራቸው ይደፋሉ፣ ጣቶቻቸውን አንገታቸው ላይ አቆላልፈው ጆሮአቸውን በክንዳቸው ይሸፍናሉ።

በተረፈ የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረና ቡችላ የምታጠባ ውሻ አይነካም። ድንጋይ አይወረወርም። ለእኛ ለትልልቆቹም አንድ ነገር አለ፦ «ዝም ካላልክ ቡቺ ይበላሃል!» የሚለውን እንተው። ልጁን አስፈርተን ከውሻ ፊት በሮጠ ቁጥር፣ የሮጠን ነገር ማባረር ተፈጥሮው የሆነውን ውሻ ነው የምንጋብዘው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ልጅ ቢነከስስ?

ከቁስሉ በላይ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ለሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። በበሽታው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በኢትዮጵያ በዓመት የሚሞተው ሰው 2,700 ገደማ እንደሚደርስ ተገምቷል። በሽታው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በ1895 ዓ.ም. ወረርሽኝ መነሳቱ ተመዝግቧል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ሕይወትን የሚያተርፍ ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ድረስ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ክትባት በሽታውን ያስቆመዋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ፓሪስ ላይ ነው፤ ሉዊ ፓስተር በመጀመሪያ ክትባቱን የሰጠው ጆሴፍ ማይስተር ለተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ዳነ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው መታጠብ ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ ሙሉ 15 ደቂቃ። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ከጀሪካን እያፈሰሱ። አስራ አምስት ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ በጣም ረጅም ጊዜ ነው፤ ሰዓት እያያችሁ ታጠቡ፣ ካልሆነ ሦስት ደቂቃ ላይ ትተዉታላችሁ። የቡና ዱቄት፣ ዘይት፣ ቅጠል፣ ጋዝ ምንም ነገር አይደረግበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። ጸበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። «ትንሽ ጭረት ናት» የሚለውን ውሳኔ ለባለሙያ ተዉት፤ ደም ያላወጣ ጭረት እንኳ ይቆጠራል።

ክትባቱን በሚመለከት ብዙ እናቶችንና አባቶችን ወደ ኋላ የሚያስቀር አንድ ትዝታ አለ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ነበር፤ ሆድ ዙሪያ ለ14 ተከታታይ ቀናት፣ ከዚያ ሦስት ተጨማሪ፣ በድምሩ 17 መርፌ። ታላላቆቻችን ሲያወሩት የሰማ ልጅ ተነክሶ ለእናቱ አይናገርም። አሁን የሚመከረው ዘመናዊ ክትባት ግን የሚሰጠው ክንድ ላይ (ለትንንሽ ልጆች ጭን ላይ) ሲሆን ቁጥሩም ከአምስት አይበልጥም። ይህን ለልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «ከተነከስክ አልቆጣህም፣ መርፌውም እንደ ድሮው አይደለም» በሏቸው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ስለ ቴታነስም ጠይቁ። ክትባት በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ። ከባምባሲ አሶሳ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መኪና የማይገኝበት ሰዓት አለ። ክትባቱ የት እንዳለ ማንም ሳይነከስ፣ ዛሬ፣ ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቁ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ውሻውስ? በንዴት አትግደሉት። ይህን የምለው ለውሻው አዝኜ ብቻ አይደለም። የነከሰው ውሻ ለ10 ቀን ተለይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ምግብና ውሃ እየተሰጠው ይታያል። ከአሥሩ ቀን በኋላ በጤና ካለ፣ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የልጁም የቀረው መርፌ በሐኪም ውሳኔ ሊቆም ይችላል። የልጁ ክትባት ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ወዲያው ይጀመራል። የተገደለ ውሻ ይህን መረጃ ይዞት ይቀበራል።

አንዳንድ ውሻ ግን ልጅ ባለበት ቤት ሊኖር አይችልም። ከአንድ ጊዜ በላይ የነከሰ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚነክስ፣ አጥሩን የሚዘል፣ ወይም ቤተሰቡ በየቀኑ በር መቆለፉን ሊጠብቅ የማይችል ከሆነ መለየት ተገቢ ነው፤ ይህን መወሰን ጭካኔ አይመስለኝም። ለሌላ ሰው ከተሰጠ ልጅ ለሌለበት ቤት፣ የሆነው ሁሉ ሳይደበቅ ተነግሮ ይሰጥ። ይህም ካልተቻለ የእንስሳት ሐኪም ጋር ሄዶ ያለ ሥቃይ እንዲያበቃ መነጋገር አለ። ያልተገባው ግን በአይሱዙ ጭኖ ከከተማ ውጭ መጣል ነው። ስንት ሰው «ራቅ አድርጌ ለቀቅኩት» ሲል ሰምቻለሁ! ከባምባሲ ዳር የተለቀቀ ፈሪና የተራበ ውሻ የሚያገኘው በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ የገጠር ልጅ ነው፤ ወይም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ በተከፈተው መጠለያ የሚኖሩ የሱዳን ስደተኞችን ልጆች። ከእኛ ልጅ አርቀን ለእነዚህ ልጆች ልከነዋል ማለት ነው።

የቀረው ክትባቱ ነው፤ የውሻው ማለቴ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን እንደሚያቆም የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ስለዚህ የጎረቤትን ውሻ ማስከተብም የራስን ልጅ መጠበቅ ነው፤ ተሰብስባችሁ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ብትጠሩ ከየብቻው መሄድ ይቀላል። የሚሰጣችሁን ካርድ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት። ክፉ ቀን ከመጣ ጤና ጣቢያ ላይ መጀመሪያ ከምትጠየቁት ነገር አንዱ እሱ ነው።